የእናት ድምፅ እስከሚደርስበት

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ። ጀሞ ከሚገኙት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በአንዱ ግቢ ውስጥ ሰባት ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ትልቁ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሞላው ነው። ሜዳቸው በሁለት ረድፍ ከቆሙት መኪኖች መሃል የተረፈችው ጠባብ መተላለፊያ ናት፤ ጎላቸውም ግራና ቀኝ የተቀመጡ ሁለት ድንጋዮች። ኳሷ ከአንድ ቪትዝ በር ጋር ተላትማ ስትመለስ የመኪናው ማንቂያ ይጮኻል። ጥበቃው ከተቀመጡበት ተነሥተው መጡ።

«ስንት ጊዜ ልንገራችሁ? እዚህ ኳስ አይቻልም ተብላችኋል!»

«አባባ፣ ታዲያ የት እንጫወት?» አለ ኳሷን በእግሩ የያዘው ልጅ። ድፍረት አልነበረበትም፤ በእርግጥ ማወቅ ፈልጎ ነው።

ሽማግሌው ዙሪያውን አዩ። ወደ ቀኝ የመኪና ማቆሚያ፣ ወደ ግራ የውሃ ታንከር፣ ከበሩ ውጪ አስፋልት። «ቀስ ብላችሁ በቃ» ብለው ተመለሱ። የግቢው ኮሚቴ ግድግዳ ላይ የለጠፈው ማስታወቂያ ግን ቀስ ማለትንም አይፈቅድም፤ ኳስ መጫወት ክልክል ነው ይላል።

የልጁ ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ በእሱ ዕድሜ ሳለሁ ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበር፤ መልሱ ከበሩ ውጪ ስለነበረ።

ያደግሁት ጉለሌ ነው፣ በ1980ዎቹ። ሰፈራችን ከዋናው መንገድ በኮረኮንች ቁልቁል ተወርዶ የሚገባበት፣ የቆርቆሮ አጥርና የጭቃ ግድግዳ የተደጋገፉበት ሰፈር ነበር። ከቦኖው ፊት ለፊት ሜዳ የምንላት አንዲት ገላጣ ቦታ ነበረች። አንደኛው ጎሏ ከሌላው ስለሚያዘቀዝቅ እረፍት ላይ ቦታ መቀያየር ግዴታ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ ደብተር ወደ ቤት ይወረወራል፣ ከመሶብ ዳቦ ወይም ቆሎ ይታፈሳል፣ ከዚያ ወደ ውጭ ነው። ቤት ውስጥ የሚጫወት ልጅ ካለ ታሟል ማለት ነው።

ይህ የሆነው የዚያ ዘመን ወላጆች ከዛሬዎቹ የተሻለ ጥበብ ስለነበራቸው አይመስለኝም። ምክንያቶቹ ግልጽና ምድራዊ ናቸው። የመጀመሪያው የቤቱ ጥበት ነው። ስምንት ሰው በሚያድርበት አንድ ክፍልና ጓዳ ውስጥ ልጅ የሚሮጥበት ቦታ የለም፤ እናት ወጥ ለመሥራትም ሆነ እንጀራ ለመጋገር ልጆቹ መውጣት አለባቸው። ሁለተኛው የትምህርት ፈረቃ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪ ስለበዛባቸው አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ከሰዓት ያስተምሩ ነበር፤ እያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ቀን የራሱ ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ቤቶች በቀበሌ አስተዳደር ሥር ገቡ። በእነዚያ ቤቶች የገባ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ አልወጣም። ኪራዩ ጥቂት ብር ስለሆነ መልቀቅ አያዋጣም፤ ሌላ ቦታ ቤት ማግኘትም ቀላል አልነበረም። ቤቶቹ ሳይታደሱ አረጁ፣ ጣሪያቸው አፈሰሰ፤ ይህ የአዋጁ ክፉ ውርስ ነው። ነገር ግን ሰው ከጎረቤቱ ጋር ሃያና ሠላሳ ዓመት ኖረ። በአንድ ዕድር ቀበረ፣ በአንድ ዕቁብ ቆጠበ፣ የአንዱን ልጅ ሌላው ክርስትና አነሣ። እናቴ ልጇን ወደ ውጭ ስትለቅ ወደማታውቀው ዓለም አልነበረም የምትለቀው። ወደ እትዬ እገሌ ዓይን፣ ወደ ጋሼ እገሌ ተግሣጽ ነበር።

የዚያን ጊዜ የሰፈር ልጅ የሁሉም ተላላኪ እንደነበር የሚያስታውስ ሁሉ ምራቁንም ያስታውሳል። አንዲት እናት በራፏ ላይ ቆማ ሳንቲም በእጅህ ታስጨብጥና መሬት ላይ እንትፍ ትላለች። «ይቺ ምራቅ ሳትደርቅ ዘይት ገዝተህ ና!» ትልሃለች። ጨዋታው የቱንም ያህል ቢጦፍ ትሮጣለህ፤ በፀሐይ ምራቁ ቶሎ ስለሚደርቅ በበጋ ይበልጥ ትሮጣለህ። የማን እናት እንደሆነች ለውጥ አልነበረውም። በምላሹ እሷም ያንተ ጠባቂ ናት። ጉልበትህ ሲላጥ ውሃ አፍስሳ ታጥብሃለች፣ ስትማታ ታላቅቅሃለች፣ አንዳንዴም ኩርኩም ጨምራ ወደ ቤትህ ትሰድሃለች። እቤት ስትደርስ የምታገኘው አቤቱታህን የሚሰማ ጆሮ ሳይሆን ሁለተኛውን ኩርኩም ነው።

ኳስ አጥር ዘልላ የገባች እንደሆነ ድርድሩ ሌላ ትምህርት ቤት ነበር። ከሁሉም ጨዋ የሚመስለው ልጅ ይላካል። በሩን በቀስታ ያንኳኳል።

«እትዬ፣ እባክዎ ኳሳችን ገብታብን ነው።»

«ትናንት ጎመኔን የሰበራችሁት እናንተ አይደላችሁም?»

«እኛ አይደለንም እትዬ፣ የላይ ሰፈሮች ናቸው። ሁለተኛ አይለመደንም።»

በሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች መሃል ያለውን ተቃርኖ እትዬ አይተው እንዳላዩ ያልፉታል። ኳሷ በአጥሩ ላይ ተወርውራ ትመጣለች። አንዳንዴ ደግሞ በቢላ ለሁለት ተከፍላ ትመጣለች፤ ያን ቀን ሰፈሩ በሙሉ ያዝናል።

ኳሷ እኮ የተገዛች አልነበረችም። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ፣ ፌስታልና ስፖንጅ ተጠቅጥቆ በሲባጎ ይታሰራል። የሚያስራት ልጅ የታወቀ ነበር፤ ሁሉም ሰፈር አንድ እንደዚያ ያለ እጀ ብልህ ልጅ ነበረው። ከሽቦና ከቆርኪ መኪና የሚሠራውም፣ ለቸርኬ መንጃ የሚሆነውን ሽቦ አጥፎ የሚያስተካክለውም እሱ ነው። በሐምሌ 1986 ዓ.ም. የአሜሪካው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ጣሊያናዊው ሮቤርቶ ባጂዮ የመጨረሻዋን ፍጹም ቅጣት ምት ወደ ሰማይ ሲልካት፣ ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ሳሎን ውስጥ ተጠቅጥቀን አየን። በማግስቱ፣ በክረምቱ ጭቃ ላይ፣ ሁሉም ሮማሪዮ መሆን ፈለገ። ባጂዮን የሚሆን ሲጠፋ አንድ ዝምተኛ ልጅ «እኔ እሆናለሁ» አለ። ያን ልጅ ሁልጊዜ አከብረዋለሁ።

ስለ ጨዋታዎቹ ሕግ ትንሽ ልቆይ፤ ቁም ነገሩ እዚያ አለና። የብይ ጨዋታን ያየ ሰው ልጆች መስታወት ሲያጋጩ ያያል። የሚሠራው ሥራ ግን የሕግ ማውጣት ሥራ ነው። ጉድጓዷ በተረከዝ ተቆፍራ፣ መስመሩ በጣት ተሰምሮ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ስምምነት አለ። የምር ነው ወይስ የውሸት? የተበላ ይመለሳል ወይስ አይመለስም? ርቀቱ በስንዝር ሲለካ የማን ስንዝር ነው የሚያገለግለው፣ የትልቁ ልጅ ወይስ የትንሹ? «ማርያምን ነክቶታል!» «ማርያምን አልነካውም!» የሚለው ክርክር አንዳንዴ ከጨዋታው ይረዝማል። ዳኛ የለም፤ ሳይስማሙ መጫወት ደግሞ አይቻልም።

ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ በ1932 እ.ኤ.አ. ስለ ልጆች የሥነ ምግባር ፍርድ ባሳተመው መጽሐፍ የጀመረው በዚሁ በብይ ነው። ልጆቹ አጠገብ ተቀምጦ ሕጉን እንዲያስተምሩት ጠየቃቸው፤ ሕጉ ከየት እንደመጣና መለወጥ ይቻል እንደሆነም ጠየቀ። ትንንሾቹ ሕጉ ከትልልቆች የመጣ፣ የማይነካ ነገር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ከፍ ያሉት ግን ሕጉ የተጫዋቾቹ ስምምነት መሆኑን፣ ሁሉም ከፈቀደም ሊለወጥ እንደሚችል ተረድተዋል። ወደዚህ ግንዛቤ ያደረሳቸው የአዋቂ ትእዛዝ ሳይሆን ከእኩያ ጋር መጫወት፣ መጣላትና መታረቅ ነው ይላል ፒያዤ። አዋቂ ቆሞ ፊሽካ በሚነፋበት ሜዳ ላይ ይህ ትምህርት አይገኝም።

ሴቶቹም የየራሳቸው ሸንጎ ነበራቸው። ሰኞ ማክሰኞ በከሰል ወይም በጠመኔ ይሰመራል፤ በአንድ እግር እየተዘለለ መስመር የረገጠ ይወጣል፣ ረግጣለች አልረገጠችም የሚለውን ደግሞ ተራዋን የምትጠብቀው ትፈርዳለች። ሱዚ ከቁርጭምጭሚት ተጀምሮ ወደ ጉልበት፣ ወደ ወገብ፣ ወደ ብብት ይወጣል። ቅልልቦሽ በአምስት ጠጠር ዓይንና እጅን ያስተባብራል። ለእቃቃው አሮጌ ጣሳዎች፣ የተሰበረ ገንቦ አፍና የጭቃ እንጀራ አለ። ሲመሽ ወንድ ሴት ሳይለይ አኩኩሉ ይጀመራል፤ ዓይኑን የጨፈነው ሲጣራ ከየጥጋጥጉ «አልነጋም!» የሚል ድምፅ ይመጣል።

ዓመቱም የራሱ የጨዋታ ካላንደር ነበረው፤ ወሩን የምናውቀው በእሱ ነው። ብይ የደረቅ መሬት፣ የበጋ ነው። ነሐሴ ሲገባ ጅራፍ ይገመዳል፤ ከቡሄ ሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ የጅራፍ ጩኸት ከኮረብታ ኮረብታ ይመላለሳል። የነሐሴ 12 ማታ ሆያ ሆዬ ነው። በየደጁ ተጨፍሮ ሙልሙልና ሳንቲም ይሰበሰባል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስታውሳለሁ፦ ገንዘቡን የሚይዘው ጉልበተኛው ልጅ አልነበረም፣ ጥሩ ዘፋኙም አልነበረም። ሁሉም የሚያምነው አንድ ልጅ ይመረጥ ነበር፤ በሩቅ ደጅ የሰጡትን ሳንቲም ሳይቀር ጮክ ብሎ ቆጥሮ የሚያስገባ። ክፍፍሉ ላይ ለትንንሾቹ ስንት ይድረሳቸው የሚለው ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት ይሄዳል። ጳጉሜ ላይ የእንቁጣጣሽ ሥዕል፣ ለሴቶቹ አበባየሆሽ፣ መስከረም ላይ የሰፈሩ ትንሽ ደመራ፣ ታኅሣሥ ላይ ከተገኘ እንጨት የተጠረበ የገና ዱላ። እያንዳንዱ በዓል ልጁን ወደማያውቀው በር ያደርሰው፣ ስሙንና የማን ልጅ መሆኑን ያስጠይቀው ነበር። የሰፈር ሰው የሚሆነውም በዚህ መንገድ ነው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ጥላውን መሸፈን አልፈልግም። ሜዳው ለሁሉም እኩል አልነበረም። እኅቶቻችን ቀድመው ይጠራሉ፦ ለውሃ፣ ለእቃ አጠባ፣ ለቡና። ታናሽ ወንድሟን አዝላ ሰኞ ማክሰኞ የምትዘል የስምንት ዓመት ልጅ በየሰፈሩ ነበረች። የሊስትሮ ሣጥኑን አስቀምጦ አንድ ጨዋታ ሰርቆ የሚሄድ እኩያችንም ነበር። ክፍት የመጸዳጃ ጉድጓድ ነበር፤ በክረምት የሚሞላ ወንዝ ነበር፤ ብሬክ የሌለው መኪና ነበር። ልጆች የጠፉበት ሰፈር አለ። ስለዚህ የድሮው ይመለስ የሚል ሰው አይደለሁም። ከድሮው አንድ ነገር ግን ሳይተካ ጠፍቷል፤ ይህን ማለት እፈልጋለሁ።

የጠፋው ርቀቱ ነው። በዚያ ሰፈር የልጅ ዓለም ስፋት የሚለካው በእናት ድምፅ ነበር። እናት ከበራፍ ላይ ቆማ ስምህን ስባ ስትጠራ «አቤት!» የምትልበት ርቀት ድንበርህ ነው። ከዚያ ማለፍ ያስቀጣል፤ በዚያ ውስጥ ግን ነፃ ነህ። ዕድሜህ ሲጨምር ጎረቤት ጥሪውን ያቀብላል፦ «እናትህ እየጠራችህ ነው!» እያለ ከበር ወደ በር ይደርስሃል፣ ድንበሩም ይሰፋል። ልጅ ነፃም የተጠበቀም የሚሆነው በዚህ ነበር። የጨዋታው ቦታ ጥሩ መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ ከበሩ ያለው ርቀት ይወስነዋል።

አዲስ አበባ በ1987ቱ ቆጠራ 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999ኙ 2.7 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጨምራለች። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በብዛት የተገነቡት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለብዙ ሺህ ቤተሰብ ንጹሕ ውሃ፣ የራሱ መጸዳጃና የሚቆለፍ በር ሰጥተዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ያለ እነዚህ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ነገር ግን ቤቱ በዕጣ ስለሚደርስ የአራዳ ሰው ከቂርቆስ ሰው ጎን፣ የጉለሌው ከአቃቂው ፊት ለፊት ገባ። ብዙው ባለቤት ቤቱን ስለሚያከራይ ጎረቤት በየዓመቱ ይለወጣል። በራፍ ላይ የምትቆም እናትም የለችም፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ናት። ከዚያ ስትጣራ ድምፅዋ ከአጠገብ ብሎኮች ያስተጋባል፣ ሰውም ይገላመጣል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር ፒያሳን የመሰሉ ሰፈሮች ተነሡ፤ በ2017 ካዛንቺስ ተከተለች፣ ብዙ ነዋሪዎቿም ገላን ጉራ ወደተባለ ሌላ ሰፈር ገቡ። የዕድሩ ስም አብሮ ቢሄድ እንኳ የበሮቹ ቅደም ተከተል አብሮ አይሄድም።

በጀሞው ግቢ ያነጋገርኳት አንዲት የሁለት ልጆች እናት ይህን በአጭሩ ነገረችኝ። «ልጄን ወደታች ብልከው ማን ያየዋል? ሦስተኛ ፎቅ ያለውን ሰው ስሙን አላውቀውም። እሱም የእኔን ልጅ አያውቀውም።» ልጆቿ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሰርቪስ ወጥተው አሥር ሰዓት ይመለሳሉ። ከዚያ አስጠኚ ይመጣል። ከዚያ ስልክ።

የሚከፈለው ዋጋ የትዝታ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በየቀኑ በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ልብና ሳንባን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል ይላል። ያ ለእኛ የሌባና ፖሊስ አንድ ዙር ነበር። የዓይንም ጉዳይ አለ። ከቤት ውጭ ብዙ ሰዓት የሚያሳልፉ ልጆች በቅርብ ብቻ የማየት ችግር እንደሚቀንስላቸው በተደጋጋሚ ጥናት ታይቷል። ተመራማሪዎች ዋናው ምክንያት የቀን ብርሃን እንደሆነ ይገምታሉ፤ ብርሃኑ በሬቲና ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ጨምሮ የዓይን ኳስ ከመጠን በላይ እንዳይረዝም ያደርጋል። ታይዋን ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተማሪዎቿ በየቀኑ 120 ደቂቃ ውጭ እንዲያሳልፉ ትምህርት ቤቶቿን ያሳሰበችው ለዚህ ነው። በዓመት አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ በሚወጣባት ከተማ ውስጥ ልጅን ከብርሃን መከልከል የሚያሳዝን ነገር ነው።

መጫወት ደግሞ ችሮታ ሳይሆን መብት ነው። ኢትዮጵያ በግንቦት 1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 ላይ የዕረፍትና የጨዋታን መብት በግልጽ አስፍሯል። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር በአንቀጽ 12 ይህንኑ ይላል፤ ያ ቻርተር በ1990 እ.ኤ.አ. የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ሜዳ ግን የባለቤትነት ካርታ የለውም። ስለዚህ ቦታ በተፈለገ ቁጥር መጀመሪያ የሚወሰደው እሱ ነው። በ2012 የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ አትክልት ተራ የተዛወረው ወደ ጃን ሜዳ ነበር፤ ምክንያቱ የሚገባ ነበር፣ ገበያውም ለ2013 ጥምቀት ሲባል ተነሣ። እነዚያን ወራት ግን በዚያ ሜዳ ላይ ሲጫወት የኖረው ልጅ የት እንደሚሄድ ሲጠየቅ አልሰማሁም።

በቅርብ ዓመታት ከተማዋ መናፈሻዎችና የልጆች መጫወቻዎች ሠርታለች። ጥሩ ናቸው፣ ይብዙ። ነገር ግን በታክሲ የሚኬድበት መጫወቻ የእሑድ ሽርሽር ነው፤ የማክሰኞ ከሰዓትን አይተካም። የጀሞው ልጅ የጠየቀው ስለ ማክሰኞ ነው።

የሚደረግ ነገር አለ፤ ገንዘብም አይጠይቅም። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው «መንገድ ለሰው» በተባለው ዝግጅት እሑድ ቀን አስፋልት ለመኪና ተዘግቶ ለእግር ሲከፈት፣ ልጆች ማንም ሳያስተምራቸው በኳስና በብስክሌት እንደሚሞሉት አይተናል። በኮንዶሚኒየም ግቢ ይህን ለማድረግ የከንቲባ ፈቃድ አያስፈልግም። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግቢውን የጋራ መጠቀሚያ ቦታ የሁሉም ባለቤቶች ያደርገዋል፤ እንዴት እንደሚያገለግልም በማኅበራቸው ይወሰናል። ያን ቦታ ለመኪና ብቻ የሰጠው ሕጉ ሳይሆን ስብሰባ ላይ የተነሣ እጅ ነው፤ በተነሣ እጅ ይመለሳል።

ስለዚህ የኮሚቴ አባል የሆንክ አንባቢ፣ የሆንሽ አንባቢ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አስይዙ። ከትምህርት ቤት መልስ ባሉት ሁለት ሰዓታት ከግቢው አንድ ጎን መኪና ይነሣለት። ሁለት ጡረተኞች ወንበር አውጥተው ይቀመጡበት፤ ሥራቸው ማየት ብቻ ይሁን። ኳስ ክልክል ነው የሚለውን ወረቀት ቀድዳችሁ በምትኩ የሰዓቱን ሰሌዳ ለጥፉ። ወላጆችም ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ሦስተኛ ፎቅ ያለውን ጎረቤት በር አንኳኩና የልጃችሁን ስም ንገሩት፤ የልጁንም ስም ጠይቁት።